ኮረስና ፍላንጀር ሞጁል፦ ድምፁ ሲጠፋ፣ ሲሻክር፣ ሲያፏጭ

ኮረስና ፍላንጀር የሞጁላር ሲንተሳይዘር (ከተለያዩ ሞጁሎች የሚገጣጠም የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ) ክፍሎች ናቸው፤ ድምፁን ትንሽ ከዘገየ ቅጂው ጋር ይቀላቅሉታል። ሲበላሹ የሚደረገውን ነው የምነግራችሁ። የታወቀውን እንዝለለው። ኬብሉ በትክክል ተሰክቷል፣ ቀዩ መስመር በኔጌቲቭ 12 ቮልት በኩል ነው፣ የምትልኩት ድምፅ ሌላ ሞጁል ላይ ይሠራል። ይህን አይታችኋል ብዬ ነው የምነሳው። ሳያዩ የብየዳ ብረት የሚያግሉ ሰዎች አሉ፤ እነሱን ማንም አይረዳቸውም።

የአናሎግ ኮረስም ሆነ ፍላንጀር ልቡ ቢቢዲ (bucket-brigade device፣ «የባልዲ ቅብብል») የሚባለው ቺፕ ነው። ሐሳቡን ያመጡት የፊሊፕስ ሰዎች፣ ሳንግስተርና ቴር ናቸው፤ በ1969 እ.ኤ.አ.። ድምፁ በሰልፍ በቆሙ ጥቃቅን ካፓሲተሮች ውስጥ ያልፋል፤ ሰዎች ተሰልፈው ውሃ በባልዲ እንደሚቀባበሉት። ቅብብሉን የሚያዘው ክሎኩ፣ ማለትም ምቱን የሚመታለት ምልክት ነው። የሚዘገየውን ጊዜ ለማወቅ የደረጃውን (የተሰለፉትን ካፓሲተሮች) ብዛት ለክሎኩ ፍጥነት እጥፍ ታካፍላላችሁ። 1024 ደረጃ ያለው ቺፕ በ100 ኪሎኸርዝ 5.12 ሚሊሰከንድ ያዘገያል፣ በ10 ኪሎኸርዝ ደግሞ 51.2። ፍላንጀር በጥቂት ሚሊሰከንድ ይሠራል፤ የዘገየውንም መልሶ ወደ መግቢያው ይልካል፤ ይህ ፊድባክ ይባላል። ኮረስ ረዘም ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ፊድባክ የለውም።

ዋናው ድምፅ አለ፣ የዘገየው ግን የለም ወይም ሻካራ ነው

እጄ ላይ ከሚገቡት ሞጁሎች አብዛኞቹ በዚህ ነው የሚመጡት። ባለቤቱም ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፦ «ቺፑ ተቃጥሏል»። አልተቃጠለም። ባያሱ ሸሽቷል።

ቢቢዲ ቺፕ በግራውንድና በአንድ ቮልቴጅ መካከል ብቻ ነው የሚሠራው። ሞጁላር ድምፅ ግን ከዜሮ በላይም በታችም ይወዛወዛል። ስለዚህ ወደ ቺፑ ከመግባቱ በፊት በቋሚ ቮልቴጅ ከፍ ተደርጎ ከኃይሉ አጋማሽ አካባቢ መቀመጥ አለበት። ይህን የሚወስነው ባያስ የሚባለው ትሪመር (በጠመዝማዛ የሚዞር ትንሽ ማስተካከያ) ነው። ትንሽ ካለፈ ወይም ካነሰ የድምፁ አንድ ጎን ብቻ ይቆረጣል፤ መሻከሩ ያ ነው። ብዙ ከሸሸ ጸጥ ይላል። ኮረሱ በርቶ ምንም ለውጥ ካልተሰማ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይሄ ነው።

ለምን ይሸሻል? አንደኛ፣ በሰው እጅ። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ቦርዱ ላይ ያሉትን ትሪመሮች በሙሉ አዙሮ ሞጁሉን አመጣልኝ። ባያሱን፣ የክሎኩን ክልል፣ የፊድባኩን ጣሪያ፣ ሁሉንም። «ምናልባት ቢስተካከል ብዬ ነው» አለኝ። ብልሽቱ ከአንድ ወደ አራት ከፍ ብሎ አረፈው። እባካችሁ፣ ምን እንደሚሠራ የማታውቁትን ትሪመር አትንኩ። መንካት ግድ ከሆነባችሁ ፎቶ አንሱ፣ የነበረበትንም በማርከር ምልክት አድርጉበት።

ሁለተኛ፣ ርካሽ ትሪመር። ሆዱ የተከፈተው የካርቦን ዓይነት አቧራ ይገባዋል፤ ቦርዱን በጣት ስትነኩት ይንጫጫል። ማጽጃ አትንፉበት። ለሳምንት ይሻለውና ይመለሳል። አውጡት፣ የታሸገና ብዙ ጊዜ የሚዞር አስገቡበት። ዋጋው ከቺፑ ጋር ሲወዳደር ኢምንት ሆኖ ሳለ አምራቾች እዚህ ላይ የሚቆጥቡት ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ሦስተኛ፣ ቺፕ ቀይሮ ባያስ አለማስተካከል። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ቺፖች እንኳ የሚስማማቸው ነጥብ ይለያያል። አዲሱን ሰክታችሁ «ይሄም የሞተ ነው» ከማለታችሁ በፊት ትሪመሩን አዙሩት። ከዚህ የባሰው ደግሞ ኤምኤን3007 የሚባለውን ቢቢዲ በኤምኤን3207 መተካት ነው። ሁለቱም 1024 ደረጃ ነው ያላቸው፣ ሁለቱም ስምንት እግር ናቸው፣ ሶኬቱ ውስጥም በደንብ ይገባሉ። ነገር ግን 3007 በኔጌቲቭ ቮልቴጅ እስከ 15 ድረስ ይሠራል፤ 3207 በፖዘቲቭና ዝቅ ባለ ቮልቴጅ ነው የሚሠራው። ቀላቅላችሁ ከሰካችሁት አሁን ቺፑ በእርግጥም ይሞታል። ክሎክ ነጂዎቻቸውም (ክሎኩን የሚሰጧቸው ቺፖች) የተለያዩ ናቸው፦ ለመጀመሪያው ኤምኤን3101፣ ለሁለተኛው ኤምኤን3102።

አራተኛውን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። አንድ ኮረስ ሲበራ ጥሩ ይሠራል፤ ግማሽ ሰዓት ሲሞላው መሻከር ይጀምራል። እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት ሌሎች ሰዎች ቺፑን ደጋግመው ቀይረውታል። ሦስተኛው እግር፣ ማለትም መግቢያው ላይ፣ መልቲሜትር ሰክቼ ተቀመጥኩ። ሙቀቱ ሲጨምር ቮልቴጁ ቀስ እያለ ሲወርድ ታየኝ። ከፊቱ ያለው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ሲሞቅ ኤሌክትሪክ ያሾልካል፤ ባያሱን ይዞት ይወርዳል። ነቅዬ የፊልም ካፓሲተር ስተካበት አለቀ። ቺፖቹ በሙሉ ጤነኞች ነበሩ። ስለዚህ ባያሱ አስተካክላችሁት ተመልሶ የሚሸሽ ከሆነ ትሪመሩን ከማዞር አቁሙና ካፓሲተሩን እዩ።

አምስተኛ፣ «ቤቴ አይሠራም፣ አንተ ጋ ይሠራል» የሚባለው። አንዳንድ ሞጁል ቺፑን በሬጉሌተር (ቮልቴጅ አረጋጊ) ይመግብና ባያሱን በቀጥታ ከ12 ቮልቱ ይወስዳል። በተጨናነቀ ሳጥን ውስጥ 12ቱ ወደ 11.4 ሲወርድ የቺፑ ኃይል አይነቃነቅም፤ ባያሱ ግን አብሮ ይወርዳል። መፍትሄው የባያሱን መነሻ ከሬጉሌተሩ መውጫ ማድረግ ነው። አንድ መስመር ቆርጦ አንድ ሽቦ መበየድ ነው፤ የመከፋፈያው ሬዚስተር ግን እንደገና መሰላት አለበት፤ አለዚያ ትሪመሩ መሃሉ ላይ አይደርስም።

አሁን ማስተካከሉ። ሞጁሉን አብሩና ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ይሙቅ። በቀዝቃዛው ያስተካከላችሁት ሲሞቅ ይሸሻል። ፊድባኩን ዜሮ፣ ኤልኤፍኦውን (የሚዘገየውን ጊዜ ቀስ እያለ የሚያወዛውዘውን) ዜሮ፣ መቀላቀያውን ወደ ዘገየው ድምፅ ብቻ አድርጉ። ከ200 እስከ 400 ኸርዝ ያለ ንጹሕ ሳይን ሞገድ ላኩ። ኦሲሎስኮፕ ካላችሁ ከማጣሪያው በኋላ ያለውን መውጫ ተመልከቱ። ድምፁን መቆረጥ እስኪጀምር ከፍ አድርጉት፤ ከዚያ የላይኛውና የታችኛው ጫፍ እኩል እስኪቆረጡ ድረስ ትሪመሩን በቀስታ አዙሩ። እኩል ሲሆኑ ድምፁን መልሱት። ከዚያ ክሎኩን ወደ ዝግተኛው ጫፍ ወስዳችሁ አንድ ጊዜ፣ ወደ ፈጣኑ ጫፍ ወስዳችሁ ደግሞ እዩት። የሚስማማው ነጥብ ከክሎኩ ጋር ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ለሁለቱም የሚሆን መካከለኛ ፈልጉ።

ኦሲሎስኮፕ ከሌላችሁ በጆሮ ይሠራል። ደካማ ድምፅ ላኩና ትሪመሩን ወደ አንድ ወገን አዙሩ፤ ድምፁ የሚጠፋበትን ቦታ ያዙ። በሌላ በኩልም እንዲሁ። በሁለቱ መሃል አቁሙት። ከዚያ ድምፁን ጨምራችሁ መሻከሩ በጣም የሚያንስበትን ቦታ በጥቃቅን እንቅስቃሴ ፈልጉ። ሳይን ተጠቀሙ፤ ሳው (የመጋዝ ጥርስ የሚመስለው ሞገድ) ራሱ ሻካራ ስለሆነ ያሳስታችኋል። የፕላስቲክ ጠመዝማዛ ያዙ። የብረቱ ተንሸራትቶ ሁለት እግር ካገናኘ ነገሩ ሌላ ታሪክ ይሆናል። ሲያልቅ ጠብታ የጥፍር ቀለም ትሪመሩ ላይ አድርጉ፤ የሚቀጥለው ጎርጓሪ ቢያንስ ያስብበታል።

ባያሱ ደህና ነው፣ ግን ኃይለኛ ድምፅ ሲገባ ይቆረጣል

ይህ ብልሽት አይደለም። የሞጁላር ድምፅ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ቮልት ነው፤ ቢቢዲ ግን የሚችለው ጥቂት ቮልት ብቻ ነው። ጥሩ ሞጁል መግቢያው ላይ ይቀንሰዋል፣ መውጫው ላይ ይመልሰዋል። የናንተው ካልቀነሰ ከፊቱ አቴኑዌተር (ድምፅ መቀነሻ) አድርጉ።

ያፏጫል

መቼ እንደሚያፏጭ ለዩ። ምንም ሳትጫወቱ ቀጭን ፉጨት ካለና ዲሌዩን (የሚዘገየውን ጊዜ) ስታረዝሙ ከወፈረ ክሎኩ እየሾለከ ነው። ቺፑ ሰባትና ስምንት ቁጥር ላይ ሁለት መውጫ አለው፤ በመካከላቸው ያለው የማመጣጠኛ ትሪመር ፉጨቱ በጣም እስኪያንስ ይዞራል። ትሪመሩ ከሌለ ሁለቱ ሬዚስተሮች እኩል መሆናቸውን ለኩ። ስትጫወቱ ብቻ የሚመጣ ከሆነና ከዜማችሁ ጋር የማይሄድ ከሆነ ደግሞ መግቢያው ላይ ያለው ማጣሪያ ለክሎኩ አይበቃም። ክሎኩ 20 ኪሎኸርዝ ከሆነ ከ10 በላይ ያለ ሁሉ ተጣጥፎ ይመለሳል።

ሦስተኛው ዓይነት ሁለት ቢቢዲ በአንድ ሳጥን ውስጥ ሲኖሩ ነው። አንዱ በ60፣ ሌላው በ63 ኪሎኸርዝ ቢሠራ የ3 ኪሎኸርዝ ፉጨት ይወለዳል። እየወጣ እየወረደ የሚዘፍን ፉጨት ከሰማችሁ እሱ ነው። አንዱን ነቅላችሁ ሞክሩ። ከጠፋ ሁለቱን አራርቁ፣ በእያንዳንዱ ቺፕ ኃይል ላይ 100 ናኖፋራድ በቅርቡ ጨምሩ።

ቺፑ አዲስ ነው፣ ግን ምንም አይሠራም

ባያሱን ሞክራችሁ ካልሆነ አስመሳይ ገዝታችኋል። የኤምኤን ቺፖቹ አምራች ማትሱሺታ ማምረት ካቆመ ወዲህ የድሮው ስም የታተመበት ብዙ ቆሻሻ ይሸጣል። ጥጥ በአሴቶን ነክራችሁ ጀርባውን ጥረጉት፤ ጽሑፉ ከለቀቀ ወይም ከሥሩ ሌላ ጽሑፍ ከወጣ ገንዘባችሁን አስመልሱ። ሌላው መለኪያ ራሱ ዲሌዩ ነው። ክሎኩን 50 ኪሎኸርዝ ላይ አቁማችሁ አጭር ምት ላኩ። 1024 ደረጃ ከሆነ 10.24 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ መውጣት አለበት። 2.56 ካገኛችሁ 256 ደረጃ ያለው ቺፕ ነው የሸጡላችሁ። ቪ3207ን የመሰሉ ዛሬም የሚመረቱ ቺፖች አሉ፤ ለድሮ ስም ብቻ ብላችሁ አትክፈሉ።

ስትሰኩ ኃይሉን አጥፉ። ክሎክ ነጂውንም ቢቢዲውንም ስታቲክ ይገድላቸዋል።

የቀሩት

ፍላንጀሩ ወደ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ከደበዘዘ የክሎኩ ጠርዝ ተጠጋግቷል። የክሎክ እግሮቹ ትልቅ ካፓሲተር ናቸው፤ በ4049 ባፈር (ምልክት የሚያጠናክር ቺፕ) እርዱት። ኤልኤፍኦው ትክ ትክ የሚል ከሆነ ግራውንዱን ከድምፁ ለዩለት። ድምፁ ሲያልቅ ከጀርባ ያለው የ«ሽሽሽ» ድምፅ አብሮ የሚያብጥ ከሆነ ኮምፓንደሩ (ያንን ድምፅ ለመቀነስ ምልክቱን ጨምቆ መልሶ የሚዘረጋው ክፍል) ነው፤ በአብዛኛው ደግሞ አጠገቡ ያለው ካፓሲተር ደርቋል። ፊድባኩ ገና በግማሽ ብቻውን የሚጮህ ከሆነ የፊድባኩን ትሪመር ዝቅ አድርጉ፤ ከዚያ በፊት ግን ሄድፎኑን ከጆሯችሁ አውርዱ።