ሞላላ ምህዋርን ስንስልና ኮከቡን ከጎንደር ሰማይ ስንፈልግ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

70 ቨርጂኒስ ፀሐያችንን የሚመስል፣ በዕድሜ ግን ከእሷ ገፋ ያለ ኮከብ ነው፤ ከእኛ 59 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ጂኦፍሪ ማርሲና ፖል በትለር በ1996 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ፕላኔቱ በ116.7 ቀን አንዴ ይዞረዋል። የምህዋሩ ኤክሰንትሪሲቲ (የሞላላነት ልኩ፤ ፍጹም ክብ ቢሆን 0 ይሆን ነበር) 0.4 ነው። ኮከቡ በጎንደር አናት ላይ ስለሚያልፍ ለዚህ ከተማ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ምህዋሩን ከልክ በላይ አሞላሎ መሳል፦ በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። ወረቀት በካርቶን ላይ አንጥፉና ሁለት ስፒል በ8 ሳንቲ ሜትር ርቀት ትከሉ። ከታሰረ በኋላ ዙሪያው 28 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የክር ቀለበት አጥልቁባቸው፣ ክሩን በእርሳስ ወጥራችሁ ዙሩ። ቋጠሮው ርዝመት ስለሚበላ ልኩ ከታሰረ በኋላ ይወሰድ፤ ክሩም የሚለጠጥ አይሁን፣ መስመሩ ጀምሮበት ላይ ሳይገጥም ይቀራል። የሚወጣው ቅርጽ ርዝመቱ 20፣ ወርዱ 18.3 ሳንቲ ሜትር ነው። በዓይን ሲታይ ክብ ሊመስል ምንም አይቀረው!

ኮከቡን መሃል ላይ ማስቀመጥ፦ ቦታው ከሁለቱ ስፒሎች በአንዱ ላይ ነው፤ ሌላው ባዶ ነው። ስለዚህ ፕላኔቱ ሲቀርብ 6፣ ሲርቅ 14 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሆናል። የሞላላነቱ ጉዳይ ዋናው እዚህ ላይ ነው፣ በቅርጹ ላይ አይደለም።

ዙሩን በእኩል ቀን መከፋፈል፦ ፕላኔቱ ወደ ኮከቡ ሲጠጋ ይፈጥናል። ለኮከቡ ቅርብ የሆነውን የምህዋሩን ግማሽ በ43.5 ቀን ሲጨርስ፣ ሩቁን ግማሽ ለመጨረስ 73 ቀን ያህል ይፈጅበታል። በስዕላችሁ ላይ ቀን የምታመለክቱ ነጥቦችን በእኩል ርቀት አትደርድሩ።

ፕላኔቱ የሚያገኘውን ብርሃን በርቀት ብቻ ማስላት፦ 14 ለ6 ሲካፈል 2.33 ነው፤ ብርሃን ግን በርቀት ካሬ ስለሚቀንስ ልዩነቱ 5.4 እጥፍ ይደርሳል።

“የፕላኔቱ ክብደት የጁፒተርን 7.4 እጥፍ ነው” ማለት፦ “ቢያንስ” የሚለው ቃል መቅረት የለበትም። የተለካው ኮከቡ ወደ እኛና ከእኛ የሚወዛወዝበት ፍጥነት ብቻ ነው፤ ምህዋሩ ምን ያህል እንዳጋደለ ከዚህ ልኬት አይታወቅም።

ቆሞ በባይኖኩላር መፈለግ፦ ኮከቡ አናት ላይ ስለሚሆን አንገት ይደክማል፣ እጅም ይንቀጠቀጣል። ከፒያሳ መብራት ራቅ በሉ፣ ጋቢ አንጥፋችሁ በጀርባችሁ ተኙ። አርክቱረስ ከተባለው ደማቅ ኮከብ ወደ ደቡብ ምዕራብ 12 ዲግሪ ያህል፣ ማለትም እጅ ተዘርግቶ አንድ ጭብጥና ትንሽ ያህል፣ ሂዱ። የምታዩት ኮከቡን ብቻ ነው፤ ፕላኔቱ በባይኖኩላርም በትምህርት ቤት ቴሌስኮፕም አይታይም። በሚያዝያ መጨረሻ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ አናት ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ በየ2 ሳምንቱ 1 ሰዓት ያህል ይቀድማል። ክረምቱ ሳይገባ መሞከር ይሻላል፤ በሐምሌ ደመናው አያሳይም።