ከአሠሪዎ ጋር በክርክር መሃል ሥራዎን ካጡ የሚገባዎትን ገንዘብ እንዴት ያስከብራሉ?

እኛ አገር ከሥራ ለወጣ ሰው መንግሥት በየወሩ የሚከፍለው የሥራ አጥ አበል የለም። ያለው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከአሠሪው የሚጠየቅ ገንዘብ ነው፤ እሱም ቀኑ ካለፈ ይቀራል።

መጀመሪያ የስንብት ደብዳቤውን ይያዙ። ዘግይቶ ከደረሰዎት ከፊርማዎ ጎን የተቀበሉበትን ቀን ይጻፉ። በቃል «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ከተባሉ የሰሙትን ሰዎችና የተላከልዎትን መልእክት ያስቀምጡ። «ራስህ ልቀቅ፣ ጥሩ የሥራ ልምድ እንጽፍልሃለን» ሲሉዎት ግን በፍጹም አይፈርሙ፤ አምስት ዓመት ሳይሞላው በፈቃዱ የለቀቀ ሠራተኛ በመልቀቁ ብቻ የስንብት ክፍያ አያገኝም። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ያስሉ። የቀን ደመወዝዎ 300 ብር፣ አገልግሎትዎ 4 ዓመት ይሁን። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን 9,000 ብር፣ ለቀሩት ሦስት ዓመታት በየዓመቱ የዚህ ሲሶ 3,000፤ የስንብት ክፍያው 18,000 ብር ይሆናል። ከሥራ መሰናበትዎ ሕገወጥ ከተባለና ወደ ሥራ ካልተመለሱ የ180 ቀን ካሳ 54,000 እና የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝ 18,000 ይታከልበታል፤ በድምሩ 90,000 ብር። በሠራተኛ ቅነሳ ከወጡ ደግሞ ከስንብት ክፍያው ሌላ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል።

አሠሪው ሥራዎ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል አለበት። ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊያስከፍለው ይችላል።

ካልከፈለ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይሂዱ። የዳኝነት ክፍያ የለም። ውልዎን፣ ደብዳቤውንና ደመወዝ የገባበትን የባንክ ስቴትመንት ይያዙ። ክሱ ላይ «ወደ ሥራዬ ልመለስ፣ ይህ ካልሆነ ካሳና የስንብት ክፍያ ይከፈለኝ» ብለው በአማራጭ ይጠይቁ። ወደ ሥራ ለመመለስ 3 ወር፣ ለክፍያ 6 ወር ነው ያለዎት፤ ከሰው ኃይል ክፍሉ ጋር በቃል መደራደር ጊዜውን አያቆመውም። ሴት ከሆኑ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ ያግዛል።

ክርክሩ የሥራ ማቆም አድማ ከሆነ ላልሠሩበት ቀን ደመወዝ አይጠብቁ። ሕጋዊ አድማ ግን ለመባረር ምክንያት አይሆንም። ሕጋዊ የሚሆነውም ከሠራተኛ ማኅበሩ አባላት ሁለት ሦስተኛው በተገኘበት ስብሰባ አብላጫው ሲደግፈውና ከ10 ቀን በፊት ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ ነው። የስብሰባውን ቃለ ጉባኤና አሠሪው ማስጠንቀቂያውን የተቀበለበትን ማኅተም ያለበት ቅጂ እርስዎም ዘንድ ያስቀምጡ።