ካርዱን ከመቀየራችሁ በፊት፦ ጌም ሲቆራረጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ መልእክት በየሳምንቱ ይደርሰኛል። ላኪው ይለያያል፣ ቃሉ ግን ያው ነው። «ወንድሜ፣ ጌም እየተቆራረጠብኝ ነው፤ የትኛውን ግራፊክስ ካርድ ልግዛ?» እኔም ሁልጊዜ ያንኑ ጥያቄ መልሼ እጠይቀዋለሁ። ኤፍፒኤሱ፣ ማለትም በሰከንድ የሚሳሉት ምስሎች (ፍሬሞች) ብዛት፣ ስንት ነው? ካርዱ ስንት ፐርሰንት እየሠራ ነው? ሙቀቱስ? ከዚያ ዝምታ። ወይም ደግሞ «እሱን አላየሁም፣ ብቻ ይቆራረጣል»።

ሳይለኩ መግዛት

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልጩህበት። መኪናው ስለቆመ ብቻ አዲስ ሞተር የሚገዛ ሰው የለም፤ መጀመሪያ ነዳጅ አለው ወይ ብሎ ያያል። ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ግን ሁሉም ዘሎ ካርዱ ላይ ነው። ካርዱ እኮ ብቻውን አይሠራም። በየፍሬሙ ምን እንደሚሳል የሚያዘጋጀው ፕሮሰሰሩ ነው፣ ካርዱ ይስላል። ፕሮሰሰሩ ካልደረሰለት ካርዱ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። በእሱ ቦታ የበለጠ ጉልበት ያለው ካርድ ብትተኩም ያው አጣጥፎ ይቀመጣል። ልዩነቱ አሁን የተቀመጠው ውድ ካርድ መሆኑ ነው።

ለመለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ኤምኤስአይ አፍተርበርነርን ጫኑ። ነጻ ነው፣ የሌላ ኩባንያ ካርድ ላይም ይሠራል። ኤፍፒኤሱን፣ የካርዱንና የፕሮሰሰሩን አጠቃቀም፣ ሙቀቱን ሁሉ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያሳያችኋል። ከዚያ ጌሙ የሚቆራረጥበት ቦታ ድረስ ሄዳችሁ ተጫወቱ፤ ሜኑ ላይ ቆሞ መለካት ዋጋ የለውም። ካርዱ 97፣ 98፣ 99 ፐርሰንት ላይ ከሆነ ያለውን ሁሉ እየሰጠ ነው፣ አትውቀሱት። 60 ፐርሰንት ላይ ተዝናንቶ ተቀምጦ ጌሙ ከተንቀራፈፈ፣ ኤፍፒኤሱንም ራሳችሁ ካልገደባችሁት፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

«ፕሮሰሰሬ 30 ፐርሰንት ላይ ነው፣ እሱ ሊሆን አይችልም» የሚል መልስም ይመጣል። ይቺ ቁጥር ብዙ ሰው አታላለች። 30 ፐርሰንቱ የኮሮቹ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚከፋፈሉት ክፍሎች፣ ሁሉ አማካይ ነው። ብዙ ጌሞች ዋናውን ሥራ አንድ ኮር ላይ ይጭኑታል፤ እሱ ሲታነቅ ሌሎቹ ሥራ ፈተው ይቀመጣሉ፣ አማካዩም ያማረ ይመስላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ኮር ለየብቻ እዩ። ካልሆነ ደግሞ ሪዞሉሽኑን ከ1080 ወደ 720 አውርዱት። ካርዱ የሚስለው ነጥብ ከግማሽ በታች ይወርዳል ማለት ነው። ያም ሆኖ ኤፍፒኤሱ ካልጨመረ ካርዱን ተዉት፣ ንጹሕ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ጻድቅ ስለሆንኩ አይደለም። እኔም ካርዴን ሸጬ፣ ገንዘብ ጨምሬ አዲስ ገዝቻለሁ። አዲሱም ያው ተቆራረጠ። የተበላሸ ካርድ ሸጠውልኛል ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሻጩን ስረግም ከረምኩ። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ ባለ 16 ጊጋ ራም አንድ ብቻ ነበር የሰካሁት። ራም በሁለት መስመር ሲሠራና በአንድ መስመር ሲሠራ የሚያቀብለው ዳታ በእጥፍ ይለያያል። በዚያ ላይ መለያው 3200 የሚለው ራም 2133 ላይ ነበር የሚሮጠው። የተጻፈበትን ፍጥነት ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ ገብታችሁ ካላበራችሁለት በራሱ አይደርስበትም። ኤክስኤምፒ የሚል ታገኛላችሁ፣ የኤኤምዲ ማዘርቦርድ ላይ ኤክስፖ ወይም ዲኦሲፒ ሊል ይችላል። ሁለተኛ ራም ጨመርኩ፣ ኤክስኤምፒን አበራሁ፣ አለቀ። አሮጌው ካርዴ አሁንም ይናፍቀኛል።

ሁለት ራም ካላችሁ ደግሞ ጎን ለጎን አትደርድሯቸው። አራት ስሎት ባለው ማዘርቦርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው የሚገቡት። የማዘርቦርዱ መመሪያ ላይ ተስሏል፣ እዩት።

ኬብሉ

የሞኒተሩ ኬብል ካርዱ ላይ ይሰካል እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። አዎ፣ እናንተ ታውቁታላችሁ። ዊንዶውስን ሦስት ጊዜ እንደገና የጫነው ጓደኛዬም አውቃለሁ ባይ ነበር። ካርዱ ውስጥ ተቀምጦ፣ ማራገቢያው እየዞረ፣ ጌሙን የሚስለው ግን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለችው ትንሿ ግራፊክስ ነበረች። ኬብሉን አንድ ጣት ዝቅ አድርጌ ስሰካው ለግማሽ ሰዓት አላናገረኝም።

ከዚሁ ሳንወጣ፦ ባለ 144 ኸርዝ (በሰከንድ 144 ጊዜ ምስሉን የሚያድስ) ሞኒተር ገዝታችሁ ከሆነ ዊንዶውስ ውስጥ 60 ላይ እንዳልቀረ አረጋግጡ። ብዙ ጊዜ ይቀራል።

ሙቀት

ምልክቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ጌሙ እንደ ቅቤ ይሄዳል፣ ከዚያ ይወርዳል። ካርዱም ፕሮሰሰሩም ሲግሉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ብዙ የኢንቪዲያ ካርዶች 83 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ መቀነስ ይጀምራሉ፣ ፕሮሰሰር ደግሞ 95 ወይም 100 ድረስ ይታገሣል። የኬዙን የጎን ክዳን ክፈቱና ተጫወቱ። ሙቀቱ በደንብ ከወረደ ኬዙ አየር አጥሮታል ማለት ነው። አቧራውን ስትነፉ ማራገቢያውን በጣት ያዙት፣ በነፋሱ ኃይል እንዳይሽከረከር።

አንድ የማልቆጣበት ስህተት አለ። መጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው የገጣጠሙ ልጆች የማቀዝቀዣው ሥር ያለችውን የፕላስቲክ ልጣጭ ሳይነቅሉ ያስሩታል። ከዚያ ፕሮሰሰሩ ጌም ሳይከፈት እንኳ እሳት ይሆናል። «ልጣጩን ነቅለሃል?» ስትሉት የሚመጣው ዝምታ ያስቃል። ማንም ያልነገረው ሰው ከየት ያውቀዋል?

ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ቻርጀሩን ሰክታችሁ ተጫወቱ። በባትሪ ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም፣ ልመናም አይሰማም። ሁለት ግራፊክስ ካለውም ጌሙ በየትኛው እየሠራ እንደሆነ ታስክ ማናጀር ላይ እዩ። በትንሿ ከሆነ የዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ ግራፊክስ ገብታችሁ ለጌሙ ጠንካራዋን መምረጥ ትችላላችሁ።

ላግ ሁሉ አንድ አይደለም

ተጫዋቹ አንድ ቦታ ጠፍቶ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል፣ የተኮሳችሁት ዘግይቶ ይመታል፤ ማውሱን ስታዞሩ ግን እይታው ሳይቆራረጥ ይዞራል። ይሄ ኢንተርኔት ነው። ምንም ካርድ አያድነውም።

ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ። ኤፍፒኤሱ 60 ይላል፣ ዓይናችሁ ግን አይቀበለውም። ዓይናችሁን እመኑ። በ60 ኤፍፒኤስ አንድ ፍሬም የሚቆየው 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። ከመካከላቸው አንዷ 100 ሚሊሰከንድ ከፈጀች ትሰማችኋለች፣ አማካዩ ላይ ግን ተውጣ ትቀራለች። ስለዚህ አማካዩን ትታችሁ የፍሬም ታይሙን ግራፍ እዩ፤ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ የሚወጣ መስመር ካለ ያ ነው። አዲስ ጌም ውስጥ አዲስ ቦታ ስትገቡ ብቻ ከሆነ ሼደር (ብርሃንና ጥላ እንዴት እንደሚሳል ለካርዱ የሚነግሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) እያዘጋጀ ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛ ስትመጡ ይሻለዋል። ጌሙ አሮጌ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ ወደ ኤስኤስዲ አዛውሩት። የካርዱ ሜሞሪ ሞልቶ ከሆነ ደግሞ ቴክስቸሩን (ዕቃዎቹ ላይ የሚለጠፈውን ሥዕል ጥራት) ብቻ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ።

ቴክስቸሩን ብቻ አልኩ። ሰው ሁሉን ነገር ሎው ላይ አውርዶ ጌሙን ጭቃ ካስመሰለው በኋላ «አልተለወጠም» ይላል። ሜሞሪው ካልሞላ ቴክስቸር ማውረድ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣም። የታነቀው ፕሮሰሰሩ ከሆነም መቀነስ ያለባችሁ ጌሙ ውስጥ ያለውን የእይታ ርቀትና የሕዝብ ብዛት ነው።

ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) ከካርዱ አምራች ገጽ ብቻ አውርዱ። ከኤኤምዲ ወደ ኢንቪዲያ ከዞራችሁ የድሮውን ዲዲዩ በሚባለው የድራይቨር ማጽጃ ፕሮግራም፣ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ አስፈላጊውን ብቻ ይዞ ሲነሳ) ጠራርጉት። «ኮምፒውተርን በእጥፍ የሚያፈጥን» ፕሮግራም? አትጫኑ። ሌላ የምጨምርበት የለኝም። ጌም መሃል ድርግም ብሎ የሚጠፋ ኮምፒውተር ካላችሁ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩን ጠርጥሩ።

ሁሉን በአንዴ መነካካት

አንዱ ወዳጄ በአንድ ሌሊት አሥራ አንድ ነገር ቀየረ። ከቪዲዮ ያየውን ሁሉ፣ በተርታ። ጠዋት ላይ ጌሙ ትንሽ ፈጠነለት፣ ደስ ብሎት ደወለልኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ጌሙ ሲጫወት በራሱ እየተዘጋ አስቸገረው። ምን ምን እንደነካ ጠየቅሁት፤ አምስቱን አስታወሰ። ተቀምጠን አንድ በአንድ ስንፈልግ ዊንዶውስ ራም ሲያጥረው የሚደገፍበትን የዲስክ ቦታ ዘግቶት አገኘነው፤ ራሙ ሲሞላ ጌሙ መሄጃ ያጣል። ያንን መለስንለት፣ መዘጋቱ ቆመ። ጌሙን ያፈጠነው ከቀሩት አሥር የትኛው እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም።