አምና አንበሳ የነበረው ተከላካይ ዘንድሮ ምን ነካው? ችግርና መፍትሄ

እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ የሃይስኩል የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ሆኜ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ሥራዬ የዲፌንሲቭ ላይን፣ ማለትም ከፊት የሚሰለፉት ተከላካዮች፣ ልጆች ናቸው። ኦገስት በመጣ ቁጥር ከሌሎች አሰልጣኞችም ከሐበሻ ወላጆችም የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ይሄ ልጅ አምና እንዲህ አልነበረም፤ ምን ሆነ?» አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ምንም አልሆነም። ስልቱ ተቀይሯል፤ እግሩ ግን አምና ላይ ቀርቷል።

ስለ አቋቋም፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ክብደት ማንሳት አላወራም። እሱን ታውቁታላችሁ። የጨዋታ ደብተሩን ያልከፈተ ልጅም መጀመሪያ ይክፈት።

ምልክት፦ ሰብሮ ይገባል፣ ኳስ የያዘው ሯጭ ግን እሱ በለቀቀው በር ያልፋል

ከአሥር ልጅ ሰባቱ ላይ የማየው ይሄንን ነው።

በአጥቂ መስመር ተጫዋቾች መሃል ያለው ክፍተት ጋፕ ይባላል። መሃል ላይ ሴንተሩ አለ፤ በግራና በቀኙ ጋርዶቹ፣ ከእነሱ ውጪ ታክሎቹ። በሴንተርና በጋርድ መሃል ኤ፣ በጋርድና በታክል መሃል ቢ፣ ከታክሉ ውጪ ሲ። በአንድ ጋፕ ስልት ተከላካዩ የአንድ በር ዘበኛ ነው። ኳሷ ስትነሳ ተወርውሮ ይገባል፣ ያበላሻል። በሁለት ጋፕ ስልት ግን ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ነው የሚይዘው። በግራም በቀኝም ያሉት በሮች የእሱ ናቸው። ቀድሞ አንዱን ከመረጠ ሌላውን ከፍቶ ሄደ ማለት ነው።

የተከላካዩ መቆሚያ ቦታ በቁጥር ነው የሚጠራው፤ ቴክኒክ ይባላል። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። 3 ቴክኒክ የጋርዱ ውጪ ትከሻ ላይ ነው፤ 5 የታክሉ ውጪ ትከሻ ላይ። 0፣ 2 እና 4 ግን በሴንተሩ፣ በጋርዱና በታክሉ ፊት ለፊት ናቸው። አምና 3 ላይ የነበረውን ልጅ ዘንድሮ 0 ላይ ስታቆሙት ሥራውንም ቀይራችሁበታል። ይሄንን ሳትነግሩት «ምን ነካህ?» ብላችሁ አትጩሁበት።

አንድ ልጅ ነበረኝ። አምና ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪውን) ሲያሳድድ የከረመ። አዲስ ዋና አሰልጣኝ መጣና 3-4ን (ከፊት ሦስት ተከላካይ፣ ከኋላቸው አራት ላይንባከር) በሁለት ጋፕ አስገባ። በመጀመሪያው የልምምድ ግጥሚያ ልጁ በሴንተሩ ቀኝ በኩል እንደ ጥይት ገባ። እናቱ ከመቀመጫዋ ተነስታ እልል አለች። ሯጩ በግራ በኩል፣ ማንም ሳይነካው ወጣ። ቀጥሎም እንደዚያው። በሦስተኛው ዋናው አሰልጣኝ አስወጣው። ልጁ ሄልሜቱን ሳያወልቅ አለቀሰ። ማታ እናቱ ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ ልጄ እኮ ሰብሮ ገባ፤ ለምን ተቀጣ?» እውነቷን ነው። አምና ይሄው ነገር ያስጨበጭብለት ነበር።

በነጋታው ቪዲዮውን አብረን አየን። ከሜዳው ጫፍ፣ ከጀርባ በኩል የተቀረጸውን። ከጎን የተቀረጸው ጋፑን ስለማያሳይ ለዚህ ሥራ አይረባም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እርምጃዎች ብቻ ደጋግመን አየን። እርምጃው ረጅም ነው፤ ዓይኑም ኳሷ ላይ ተተክሏል። በሽታው እዚያ ላይ ነበር።

ማስተካከያው በዓይን ይጀምራል። ዓይኑ ፊት ለፊቱ ያለው ሰው ላይ ይሁን፤ ኳሷን በዓይኑ ጠርዝ ይያት። የመጀመሪያ እርምጃው ከስንዝር ያነሰች ትሁን። አውራ ጣት ወደ ላይ፣ ክርን ወደ ጎድን፣ መዳፍ በተጋጣሚው ደረት ላይ። ከዚያ ክንዱን ዘርግቶ ይቆልፍ። ክንዱ ካልተዘረጋ ተለጥፎ ይቀራል፤ የተለጠፈ ደግሞ ሯጩን አያይም። ሯጩ በር ሲመርጥ፣ ያኔ ብቻ፣ ተጋጣሚውን ወደ ጎን ጥሎ ይላቀቅ።

ልምምዱን በእርምጃ ፍጥነት ጀምሩ። ሁለት ኮን፣ አንድ የሚጋርድ የአጥቂ መስመር ተጫዋች፣ ከኋላ አንድ ሯጭ። ሯጩ እስከ ሁለት ቆጥሮ ነው የሚመርጠው። ተከላካዩ ቀድሞ በዘለለ ቁጥር ሯጩ በሌላው በኩል ይሂድ። እናንተ ምንም አትናገሩ፤ ባዶው በር ራሱ ያስተምረዋል። አሥር ጊዜ በትክክል ከሠራ በኋላ ፍጥነት ጨምሩ። በሙሉ ፍጥነት የጀመረ አሰልጣኝ የድሮውን ልማድ እያጠናከረ ነው። ትራሱ የተቀደደውን ስሌድም (ልጆቹ እየገፉ የሚለማመዱበትን መሣሪያ) ከሜዳው አውጡልኝ። እጅ እየተንሸራተተ ወደ ውጪ መያዝ ይማራል፤ ጨዋታ ላይ ደግሞ ሆልዲንግ፣ ማለትም ሰው በመያዝ የሚመጣ ቅጣት፣ ይሆናል።

ያ ልጅ ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ሌላው በአራት ቀን ያዘው። አትቸኩሉ። ለወላጆች ግን ቀድማችሁ ንገሩ፦ ልጁ ሥራውን በደንብ በሠራ ቁጥር ታክል (ሯጩን መጣል) የሚቆጠርለት ከኋላው ያለው ላይንባከር ነው። የእሱ ቁጥር ይቀንሳል። ለእናቱ ይሄንን ካስረዳኋት በኋላ ሁለት ሰው ተጋግዞ ልጇን ሲገፋውና እሱ ሳይነቃነቅ ሲቀር እልል ማለት ጀመረች።

ማስጠንቀቂያ፦ «ኖዝ ታክል (በሴንተሩ ፊት የሚቆም ተከላካይ) ከሆንክ መወፈር አለብህ» ብላችሁ ልጅ አታበላሹ። በክረምቱ ዕረፍት በሰው ምክር 20 ፓውንድ ጨምሮ የመጣ ልጅ አይቻለሁ። የመጀመሪያዋን እርምጃ አጣት፤ ጉልበቱም ታመመ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ 3-4 ስለተባለ ብቻ ሁለት ጋፕ ነው አትበሉ። የፕሮፌሽናል ቡድኖች አሰልጣኝ የነበረው ዌድ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ2011 ሂውስተን ቴክሳንስ ሲገባ ያስገባው 3-4 አንድ ጋፕ ነበር። በኋላ በራምስ ቡድን ተከላካዩን አሮን ዶናልድን ያጫወተውም በዚያው መንገድ ነው፤ ዶናልድ በ2018 20.5 ሳክ (ኳርተርባኩን ኳስ ሳይወረውር መጣል) አስመዘገበ። ዋና አሰልጣኙን በመጀመሪያው ቀን በቀጥታ ጠይቁት፦ አንድ ነው ሁለት? የሥራው ለውጥ ባለሙያንም ይከብዳል። እዚሁ ዋሽንግተን በ2010 የፕሮፌሽናል ቡድኑ ወደ 3-4 ሲዞር ተከላካዩ አልበርት ሄይንስወርዝ ኖዝ ታክል መሆኑን አልተቀበለም። የ100 ሚሊዮን ዶላር ውል ከፈረመ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ከአሰልጣኞቹ ጋር ሳይስማማ የውድድር ዘመኑ አለፈ፤ በ2011 ወደ ሌላ ቡድን ሄደ።

ምልክት፦ ተጋጣሚውን ቆሞ ይቀበላል

ይሄ የተገላቢጦሹ ነው፤ ከሁለት ጋፕ ወደ አንድ ጋፕ የመጣ ልጅ። ማንበብ ስለለመደ ይዘገያል። ለሳምንት ያህል ምንም አታስነብቡት። ኳሷ ስትነሳ ወደ በሩ ይሂድ፣ በቃ።

ምልክት፦ በሁለት ሰው ሲገፋ ወደ ኋላ ይንሸራተታል

ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ዳሌው ዝቅ ይበል። ጀርባውን ፈጽሞ አይስጥ። መቋቋም ካቃተው በአንድ ጉልበቱ ወርዶ ክምር ይሥራ። ጋፑ ይዘጋል።

ምልክት፦ ኦፍሳይድ (ኳሷ ሳትነሳ መስመሩን ማለፍ) ይበዛበታል

የኳርተርባኩን ድምፅ እየሰማ ነው። ድምፅ 5 ያርድ ያስከፍላል። ኳሷን ወይም ሰውየውን ይይ።

ምልክት፦ ሁለቱ የእኛ ልጆች በስታንት (ሁለት ተከላካዮች በር ተለዋውጠው ሲገቡ) ይጋጫሉ

ሁለተኛው ቸኩሏል። መጀመሪያ ጓደኛው ይለፍ።

ምልክት፦ ሲገባው የነበረ ልጅ በድንገት ጥሪውን ይረሳል

ቁሙ። ይሄ የስልት ችግር ላይሆን ይችላል። በሙቀት ውስጥ ግራ የተጋባ፣ የሚንገዳገድ፣ ያለ ምክንያት የሚቆጣ ልጅ ሰውነቱ ከመጠን በላይ ግሎ ሊሆን ይችላል። ጆርዳን ማክኔር እዚሁ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2018 ከልምምድ በኋላ በሙቀት ምት ሞተ። 19 ዓመቱ ነበር፤ የአጥቂ መስመር ተጫዋች። ቶሎ በቀዝቃዛ ውሃ አልተነከረም ነበር። የበረዶ ውሃ ገንዳ ሳይዘጋጅ ልምምድ አትጀምሩ። ልጁን ወዲያው ንከሩት፤ አምቡላንስም ወዲያው ይጠራ። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ። «ውሃ መጠጣት ድክመት ነው» የሚል አሰልጣኝ ካለ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ምልክት፦ የሄልሜቱ ቀለም ግንባሩ ላይ ተላጧል

ከልምምድ በኋላ ሄልሜቶቹን አንድ በአንድ እያነሳችሁ እዩ። ግንባሩ ላይ ቀለሙ ከተላጠ ልጁ የሚገባው በጭንቅላቱ ነው፤ እጁ ዘግይቷል። አዲስ ስልት ሲገባ ይሄ ይብሳል፤ ምክንያቱም የሚያስብ ልጅ እጁን ይረሳል። ለአንገትም ለአእምሮም አደጋ ነው። ነገ ከሌሎቹ ለዩት። ሄልሜቱን አውልቆ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ያለ ግጭት በእጁ ብቻ ይጀምር። እጁ ከደረቱ ቀድሞ እስኪደርስ ድረስ ወደ ሙሉ ግጭት አትመልሱት።