የላቦራቶሪ ተማሪን ማይክሮስኮፕ ላይ እንዴት ማስተማር ይቻላል?

ለተግባር ልምምድ የመጡ የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ከባለሙያው ትከሻ ጀርባ ቆመው ይውላሉ። ቆሞ በማየት ግን ስላይድ (ናሙና የተቀባበት መስታወት) ማንበብ አይለመድም። ተማሪዋን ወደ ወንበሩ የሚያመጣውን መንገድ በወባ ምርመራ እንየው።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ናሙና ሳይበዛ፣ አሥር ደቂቃ አብረዋት ይቀመጡ። ምን ሠርታ ታውቃለች? ምን ይከብዳታል? ጓንቱና ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥን የት እንዳሉም ያኔውኑ ያሳዩአት።

ቀጥሎ አሠራሩን በአራት እርከን ያስተምሩ፤ ዘዴው በቀዶ ሐኪሙ ሮድኒ ፔይተን ስም ይታወቃል። መጀመሪያ ዝም ብለው በተለመደው ፍጥነትዎ ይሥሩ። ሁለተኛ፣ ምክንያቱን እየተናገሩ በዝግታ ይድገሙት፦ ከሁለቱ የደም ቅቦች ቀጭኑ ሜታኖል (ሕዋሳቱን እንዳሉ የሚያቆይ አልኮል) ይነካል፤ ወፍራሙ ግን አይነካም፣ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ፈርሰው ተውሳኩ እንዲታይ ነውና። ሦስተኛ፣ እሷ ትናገር፣ እርስዎ ይሥሩ። አራተኛ፣ እሷው ትሥራ። ብዙዎቻችን ሦስተኛውን እንዘለዋለን፤ ያልገባት ነገር ናሙና ሳይበላሽ የሚታወቀው ግን እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ማይክሮስኮፑ። «ይኸው ፋልሲፓረም» ብለው የወባ ተውሳኩን ዓይነት በመንገር አይጀምሩ። መልሱን ከሰጡ በኋላ ለእሷ የሚቀርላት ራስ መነቅነቅ ብቻ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን የቤተሰብ ሕክምና መምህራን ያቀረቡት ዘዴ ተማሪውን አስቀድሞ ያስወስናል።

«ምን አየሽ?»

«ፋልሲፓረም ይመስለኛል።»

«ምን አይተሽ?»

«አንድ ሕዋስ ውስጥ ቀለበት የሚመስሉ ሁለት ተውሳኮች አሉ።»

ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩ፦ «የሕዋሱንም መጠን ከጎረቤቶቹ ጋር አስተያዪ፤ ቫይቫክስ፣ ሌላው የወባ ተውሳክ ዓይነት፣ የገባበት ያብጣል።» በትክክል የሠራችውን ለይተው ይንገሯት፤ «ጎበዝ» ማለት ብቻውን ምንም አያስተምርም። ከዚያ ስህተቷን ያርሙ። «ተውሳክ የለም» ካለች ስንት የእይታ መስክ (በማይክሮስኮፑ በአንዴ የሚታይ ቦታ) እንዳየች ይጠይቋት፤ ወፍራሙ ቅብ ላይ ቢያንስ 100 መስክ ሳይታይ እንዲህ አይባልም።

እርማቱን ታካሚና ባልደረባ በሌለበት ይስጡ። ተማሪ ሳለሁ የቀለም ዝቃጭን ተውሳክ ነው ብዬ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ፤ ለሳምንታት የማየውን ከመናገር ተቆጠብሁ። ዝም ያለ ተማሪ የት ላይ እንደሚሳሳት አይታወቅም፣ ስለዚህም ሊታረም አይችልም።

ውጤቱ ግን እርስዎ ራስዎ ስላይዱን አንብበው ሳይፈርሙ አይውጣ። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚመለስ በመሆኑ፣ ፋልሲፓረም ተብሎ ከተሳሳተ ታካሚው የጉበቱን ተውሳክ የሚያጠፋው መድኃኒት ሊቀርበት ይችላል። የሁለታችሁን ንባብ ጎን ለጎን ይጻፉ፤ የተለያያችሁባቸውን ስላይዶች ለብቻ አስቀምጡ፣ ከሥራ መውጫ በፊትም አብራችሁ ዳግም ተመልከቷቸው።