«ቀኑ ሲሆን» የሚጫወት ልጅ፦ አሰልጣኝና ቤተሰብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ተከላካይ አታልሎ ጎል ያገባ የመስመር ተጫዋች በዚህ ቅዳሜ ቀላል ኳስ ከእግሩ ስር ይሾልክበታል። ሜዳ ዳር የቆመው ሰው «ልጁ ታለንት አለው፤ ቀኑ ሲሆን ማንም አይችለውም» ብሎ ያልፈዋል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ አባባል ነው። «ቀኑ» የሚባለው ነገር ከሰማይ አይወርድም። ከእንቅልፍ፣ ከምሳ ሰዓት፣ ከሚሰለፍበት ቦታ፣ በሳምንት ከሚጫወታቸው ጨዋታዎች ብዛት ይመጣል። እነዚህ ሳይስተካከሉ «ልጁ አይደርስም» ብሎ መፍረድ ትልቅ በደል ነው።

በምርጥ ጨዋታው መመዘን

ከፍ ማለትና ከፍ ብሎ መቆየት እንደሚለያዩ ጅማ በራሷ ክለብ አይታዋለች። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን በተቀላቀለበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን ወሰደ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከሊጉ ወረደ። ተጫዋችም እንዲሁ ነው። ምርጡ ጨዋታ የሚያሳየን የልጁን ጣሪያ ብቻ ነው። ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ያለ አሰልጣኝ ግን አሰላለፍ ሲያወጣ የሚጠይቀው «ይህ ልጅ በመጥፎ ቀኑ ምን ይሰጠኛል?» ብሎ ነው። ስለዚህ ሥራው መጥፎውን ቀን ማሻሻል ነው።

ለዚህ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። 90ውን ደቂቃ በየ15 ደቂቃው ስድስት ቦታ ይክፈሉት። በእያንዳንዱ ክፍል አራት ነገር በጭረት ይቁጠሩ፦ በራሱ ሜዳ ያጠፋው ኳስ፣ ወደ ፊት ያቀበለውና የተሳካለት፣ አንድ ለአንድ የሞከረውና ያለፈው፣ ኳስ ከጠፋበት በኋላ በ5 ሰከንድ ውስጥ ለመንጠቅ የሮጠበት። ጎል አይቁጠሩ፤ ጎል ያታልላል። የሚቆጥረው ሰው ሁሌም አንድ ሰው ይሁን፤ አባት ወይም ታላቅ ወንድም ግን ባይሆን ይመረጣል።

ስምንት ጨዋታ ሲሞላ ገጾቹን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ኳስ የሚጠፋበት በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ብቻ ከሆነ ማሟሟቂያው አጥሯል ማለት ነው። ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ የሚያጠፋው ኳስ ከበዛ ምግቡንና የልምምድ ጫናውን ይመልከቱ። አንድ ስህተት ሠርቶ ቀጣዮቹን አሥር ደቂቃዎች ኳስ የሚሸሽ ከሆነ ጉዳዩ የራስ መተማመን ነው። ምንም መልክ ከሌለው፣ አንዱን ሳምንት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጥሩ፣ ሌላውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጥፎ ከሆነ፣ ያደረበትን ሌሊት ይጠይቁ።

«ሰነፍ ነው» ብሎ መደምደም

በጣም የሚጎዳው ስህተት ይህ ነው። ዕድሜው በአሥራዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ ስልክ ላይ አምሽቶ ማለዳ 12 ሰዓት ልምምድ የሚወጣ ልጅ አምስት ሰዓት ብቻ ነው የተኛው። እግሩ ይሮጥ ይሆናል፤ ውሳኔው ግን ይዘገያል። ማቀበል በነበረበት ሰዓት አንድ ንክኪ ይጨምራል፣ ኳሷም ትነጠቃለች። ከውጭ ሲታይ ስንፍና ይመስላል።

ጫትን በተመለከተ በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። ጅማ ውስጥ ጫት በየደጁ ይገኛልና ልጁ አያውቀውም ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው። ከሰዓት በኋላ የተቃመ ጫት መጀመሪያ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ቀጥሎ እንቅልፍ ይነሳል። ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ ከተጨመረ ሁለት ቀን ተበላሸ። ዓርብ የቃመ ልጅ ቅዳሜ ሜዳ የሚገባው ሳይበላና ሳይተኛ ነው። ወደ ላይ ለሚያስብ ልጅ ሌላም አደጋ አለ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ በውድድር ወቅት ከከለከላቸው አነቃቂዎች አንዱ ነው። ካቲን የሚባለው ሌላው የጫት አነቃቂ ደግሞ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም በላይ ከተገኘ ያስቀጣል። ይህን ልጁ ቀድሞ ከአሰልጣኙ አፍ ይስማ፤ በስድብ ሳይሆን በመረጃ።

ቡናም ልክ አለው። ጅማ ላይ ቡና አትጠጣ ማለት አይሞከርም፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ግን ይቅርበት። ማታ ከቤተሰብ ጋር አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የጠጣ ልጅ እንቅልፍ አልወስድ ቢለው አይደንቅም።

የጨዋታ ቀን ምግብ ላይ የሚበላሸው ሰዓቱ ነው። ጨዋታው 9 ሰዓት ከሆነ ዋናው ምግብ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ያልቃል፦ ሩዝ፣ ፓስታ ወይም እንጀራ፣ ዘይትና በርበሬው የቀነሰ ወጥ። ጥሬ ሥጋና ቅባት የበዛበት ጥብስ ለሌላ ቀን ይቆይ፤ ሆድ ውስጥ ብዙ ይቆያሉ። 8 ሰዓት ላይ አንድ ወይም ሁለት ሙዝ ይበቃዋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከጨዋታው አራት ሰዓት ቀደም ብሎ ከ300 እስከ 420 ሚሊ ሊትር ውኃ ቀስ እያለ ይጠጣ። ሳይበላ ከቤት የሚወጣ ልጅ ካለ ቡድኑ በሶ ይያዝለት። ብዙ ጊዜ «ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ይደክማል» የሚባለው ልጅ ቁርስ ያልበላ ልጅ ነው፤ ይህንን ደግሞ ሳይጠየቅ አይናገርም።

በረመዳን ከባዱን ልምምድ ከኢፍጣር (ከጾም መፍቻው) በኋላ ማድረግ ወይም ቀለል ያለውን ልምምድ ልክ ኢፍጣር ሲደርስ እንዲያልቅ ማመቻቸት ይሻላል። የፍጥነት ሩጫን ቀን ላይ መጫን ጉዳት መጥራት ነው።

በየሳምንቱ ቦታ መቀያየር

ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አንድ ሳምንት ክንፍ፣ ቀጥሎ አማካይ፣ ቀጥሎ የግራ ተከላካይ ይሰለፋል። ከዚያ «አቋሙ ይዋዥቃል» ይባላል። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ግልጽ ኃላፊነት ቢያንስ ስድስት ጨዋታ ይሰጠው። ቦታው እንደማይሆነው የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

የቦታና የኃላፊነት ለውጥ ምን ሊሠራ እንደሚችል ፈረንሳዊውን ተጫዋች ኡስማን ዴምቤሌን ማየት ይበቃል። በባርሴሎና ስድስት የውድድር ዘመን ቆይቶ፣ በጡንቻ ጉዳት እየተመላለሰ፣ በ185 ጨዋታ 40 ጎል አስቆጠረ። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦበት ነበር። በፓሪስ ሴንት ዠርሜን አሰልጣኙ ሉዊስ ኤንሪኬ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 በዲሲፕሊን ምክንያት ከአርሴናል ጨዋታ አስቀረው። በኋላ ደግሞ ከመስመር አንስቶ መሐል ላይ አጥቂ አደረገው፤ ኳስ ሲጠፋ ለመንጠቅ መጀመሪያ የሚሮጠውም እሱ ሆነ። በዚያ አንድ የውድድር ዘመን 35 ጎል አገባ፣ ቻምፒየንስ ሊግ ወሰደ፣ በ28 ዓመቱ ለዓለም ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የ2025 ባሎንዶር አነሳ። ቅጣቱ ብቻውን አይደለም የለወጠው፣ እምነቱም ብቻውን አይደለም፤ ሁለቱ ከግልጽ ሥራ ጋር አብረው መጡ።

ጨዋታዎቹን አለመደመር

ልጁ ረቡዕ ለትምህርት ቤቱ፣ ቅዳሜ ለፕሮጀክቱ (ለታዳጊዎች ማሰልጠኛ ቡድኑ)፣ እሁድ ጠዋት ለሰፈሩ ቡድን ይጫወታል። ሦስቱ አሰልጣኞች አይነጋገሩም። 270 ደቂቃ መሆኑን የሚያውቀው የጭኑ ጀርባ ጡንቻ ብቻ ነው። የሳምንቱን ደቂቃ አንድ ሰው ይመዝግብ፤ ሁለት ሙሉ ጨዋታ ካለፈ ሦስተኛው ይቅር። ማሟሟቂያው 20 ደቂቃ ይሁን፦ 8 ደቂቃ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬ፣ የዝላይና የሚዛን ልምምድ፣ 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። ፊፋ በ«11 ፕላስ» ያዘጋጀው ይኸው ነው፤ ጉዳት የሚቀንሰው በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሲሠራ ነው። ከጭን ጉዳት የተመለሰ ልጅ «አይሰማኝም» ስላለ ብቻ አይሰለፍ። በሙሉ ፍጥነት ያለ ሕመም ይሩጥ፣ ከቡድኑ ጋር ሦስት ወይም አራት ሙሉ ልምምድ ይጨርስ።

በ13 እና 14 ዓመት ገደማ በድንገት ቁመት የሚጨምር ልጅ ደግሞ ኳስ ማዘዝ የጠፋበት ሊመስል ይችላል። እግሩ ረዝሟል፣ ሚዛኑ ገና አልተከተለም። በየሦስት ወሩ ቁመቱን ይለኩ። በዚህ ወቅት ልጅ ከቡድን መቀነስ ትልቅ ስህተት ነው።

በክረምት ሜዳ ላይ መፍረድ

የጅማ ዝናብ ለረጅም ወራት ይዘልቃል። በበጋ አብዶ የሚሠራው ልጅ ጭቃ ላይ ኳሷ ውኃ ውስጥ ቆማ ትቀርበታለች። ጥርሱ ያለቀ ታኬታ ከሆነ ደግሞ መዞርም አይችልም። መጀመሪያ ታኬታውን ይዩለት። ከዚያ ኳሷን ከመሬት ከፍ አድርጎ መቆጣጠርንና ቶሎ ማቀበልን ያሰልጥኑት። በደብተሩ ላይም የሜዳውን ሁኔታ ይጻፉ፤ ያለዚያ የነሐሴና የጥር ገጽ አይወዳደሩም።

በሰው ፊት መጮህ፣ በአንድ ስህተት መቀየር

ስህተት እንደሠራ ወዲያው ከሜዳ የሚቀየር ልጅ የሚማረው አለመሞከርን ነው። ከስህተት በኋላ የሚያደርገው ነገር አስቀድሞ ይታወቅ፦ ቀጣዩን ኳስ በአንድ ወይም በሁለት ንክኪ ለቅርብ ጓደኛው ያቀብል። በእረፍት ሰዓት አንድ ነገር ብቻ ይንገሩት።

ለደላላ መስጠት

«አውሮፓ እወስደዋለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ ቤተሰብ ይህን ይወቅ፦ በፊፋ ደንብ አንቀጽ 19 መሠረት ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር አገር መዛወር ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር የተከለከለ ነው። ገንዘብ ቀድሞ የሚጠይቅ፣ ፓስፖርትና የልደት ካርድ ዋናውን ስጡኝ የሚል ሰው አይታመንም። ለሙከራ አዲስ አበባ ቢሄድም የጋበዘው ክለብ ደብዳቤ ይኑር፣ ትምህርቱም አይቋረጥ።

ያለ ማስረጃ ተስፋ መስጠት ወይም መቁረጥ

እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ቦታውና ጫናው ከተስተካከለ በኋላ ሌላ ስምንት ጨዋታ ይቁጠሩ። ከመጀመሪያዎቹ ስምንት ሦስቱን መጥፎ፣ ከኋለኞቹ ስምንትም ሦስቱን መጥፎ አውጥተው ያወዳድሩ። መጥፎዎቹ ከተሻሻሉ ልጁ እያደገ ነው፤ ምርጡ ጨዋታ ባይለወጥም ግድ የለም። ካልተንቀሳቀሱ አንድ የውድድር ዘመን ይጨምሩለት። ከዚያም በኋላ ያው ከሆነ ደብተሩን ከፍተው ለልጁና ለወላጆቹ እያሳዩ፣ በየትኛው ደረጃ መጫወት እንደሚችል በእውነት ይንገሯቸው።