√(ሀ+7) + 5 = ሀ፦ 9፣ 2 ወይስ 16?

እኩልታው √(ሀ+7) + 5 = ሀ ነው። በእጅ ሲሠራ 9 እና 2 ይወጣል፤ ጂኦጀብራ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ሲገባ ግን 16። ለአንድ ጥያቄ ሦስት መልስ!

ስሌቱን ከላይ እስከ ታች ደጋግሞ መፈተሽ አልረዳም። ሁለቱንም ጎን እንዳለ ዳግም ርቢ ማድረግ ደግሞ ጭራሽ ያወሳስበዋል፤ ግራው ሲዘረዘር 10√(ሀ+7) መሃል ላይ ስለሚቀር ዳግም ዘሩ አይጠፋም።

መጀመሪያ የተፈታው የ16 ነገር ነው። የገባው ያለ ቅንፍ፣ √ሀ+7+5 ተብሎ ነበር። እንዲህ ሲጻፍ ዳግም ዘሩ የሚይዘው ሀን ብቻ ነው፤ √16+7+5 ደግሞ እውነትም 16 ነው። ስለዚህ ሀ+7ን በቅንፍ እሰሩት። ወረቀት ላይ ከሆነ የምልክቱን አግድም መስመር እስከ 7 ድረስ ሳቡት።

ቀጥሎ 5ን ወደ ቀኝ ማሻገር፦ √(ሀ+7) = ሀ−5። አሁን ዳግም ርቢ ይደረግ፦ ሀ+7 = ሀ²−10ሀ+25፣ ማለትም ሀ²−11ሀ+18 = 0። ሀ 9 ወይም 2 ነው።

እዚህ ላይ ግን አይቆምም። በመነሻው እኩልታ ሲተኩ 9 ይሠራል፤ 4+5 = 9። 2 ግን 3+5 = 8 ስለሚሰጥ ይወድቃል። ቀኙ 2−5 = −3 ሲሆን፣ ዳግም ርቢ 3ን እና −3ን አንድ ስለሚያደርጋቸው ነው ሾልኮ የገባው። እኔ አሁን ገና ሳልጀምር ጠርዙ ላይ «ሀ ≥ 5» ብዬ እጽፋለሁ፤ ቀኙ ሀ−5 ከዜሮ ማነስ አይችልምና።